ደረጃው ሥር አይቆምም

እናቴ በር ላይ የሚቆም ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። ባንክ ቤት በራፍ ላይ ተገትሮ ስልክ የሚያወራ ጎረምሳ ይሁን፣ ክሊኒክ መግቢያ ላይ ሰላምታ የሚለዋወጡ ሴቶች ይሁኑ፣ ታውቃቸው አታውቃቸው ጉዳይዋ አይደለም። «የኔ ልጅ፣ በር እኮ መተላለፊያ ነው!» ትልና በክርኗ ገፋ አድርጋ መንገድ ታስከፍታለች። አብሬያት ከሆንኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። እሷ ግን ምንም አይመስላት፤ ከኋላ ወደቆሙት ዞር ብላ «እለፉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ትላለች፣ ልክ የባንኩ ባለቤት እንደሆነች ሁሉ።

ታዲያ ዕጣዋ ሆነና፣ በዚህች ምድር ላይ በር ላይ መቆም የሚወድ አንድ ሰው ቢፈለግ፣ ያንን ሰው ነው ያገባችው። አባቴ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ ስለኖረ ይሁን ወይ ተፈጥሮው ሆኖ፣ እንጃ፣ አሁን ዋና ሥራው በር ላይ መቆም ሆኗል። የሳሎናችንን መቃን በትከሻው ይደገፍና አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ሰፈሩን ይጠብቃል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ሱሪ ጫፉ ተተርትሯል፣ አንዱም አያመልጠው። ዓይኑ ደክሟል፤ የሰው ፊት መለየት እያቃተው ነው፤ የተጣመመ ስፌት ግን ከመንገድ ማዶ ያያል። እናቴ ትሪ ይዛ ብትመጣ፣ ባልዲ ይዛ ብትመጣ፣ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ብትመጣ፣ እሱ እዚያው ነው።

«ዞር በል አንተ ሰውዬ!»

«ቀስ በይ እንጂ፤ ይሄ ቤት ነው፣ ድልድይ አይደለም።»

ይሄ ንግግር ቤታችን ውስጥ የማይሰማበት ቀን የለም። ድልድይ ማለቱም ያለ ነገር አይደለም፤ እናቴ የእግረኛ ድልድይ አስተናባሪ ናት።

ድልድዩ ከባቡር ሐዲዱ በላይ የተዘረጋ፣ ረጅም፣ ጠባብ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በአንዱ ጫፍ የእኛ ሰፈርና ስታዲየሙ፣ በሌላው ጫፍ የአውቶቡስ መናኸሪያው ይገኛል። ጠዋት ሠራተኛው ወደ መናኸሪያው ይጎርፋል፣ አመሻሽ ላይ ወደ ሰፈር ይመለሳል። ጨዋታ ባለ ቀን ደግሞ ያ ሁሉ ተመልካች በአንድ አፍታ ይወጣና አውቶቡስ ሊይዝ ይጣደፋል። እናቴ የምትቆመው በመናኸሪያው በኩል፣ ደረጃው ሥር ነው። በስታዲየሙ በኩል «ረጅሙ» የምንለው ባልደረባዋ መግቢያው ላይ ሰንሰለት ይዞ ይቆማል፤ ድልድዩ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲቀል ይከፍታል። ብርቱካናማ ሰደሪያ፣ ፊሽካ፣ ወገቧ ላይ የእጅ ሬዲዮ፤ ትጥቋ ይኸው ነው። ቁመቷ ከደረጃው መደገፊያ ብዙም አያልፍም። ድምጿ ግን ተዉኝ!

«ቀኝ ያዙ! እንደዚያ ነው የኔ ጌታ! አንቺ ቆንጆ፣ ከወረድሽ በኋላ ታወሪዋለሽ፣ አያመልጥም! ሻንጣህን ከፊትህ ያዘው፣ ከኋላ ያለው ሰው ጉልበት አለው እኮ! እለፉ፣ እለፉ፣ ደረጃው ሥር አይቆምም!»

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ያጉረመርምባት ነበር። አሁን ለምዷታል፤ እንዲያውም ገና ከላይ ሲያዩዋት «ቀኝ ይዘናል እማማ!» እያሉ የሚወርዱ አሉ። እሷም ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ጎበዞች» ትላለች፤ ዞር ስትል ግን ጥርሷ አይከደንም።

የኔ ሱቅ ከደረጃው ግርጌ ጋር ተለጥፎ ነው ያለው። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጃንጥላ እሸጣለሁ። ዝናብ ሲጥል ለእኔ ሠርጌ ነው። ሰው ደረጃውን ይወርድና የድልድዩ ጣሪያ የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ ሰማዩን አይቶ ቀጥ ይላል። እንግዲህ እኔ ሸራዬን ወደ ውጭ ዘርግቼ «ግቡ፣ ተጠለሉ» ብል፣ ከተጠለሉት ግማሹ ጃንጥላ ገዝቶ ይሄዳል። ንግድ ማለት ይሄ አይደል? እናቴ ግን የገዛ ልጇን ገበያ እንደ ዝንብ ነው የምታባርረው።

«ሸራሽን ሰብስቢ!»

«እማዬ፣ ደንበኛ እኮ ነው የምታባርሪው!»

«ደንበኛ ከሆነ ገዝቶ ይሂድ። ከላይ የሚመጣው በማን አናት ላይ ይውረድ?»

ስንት ጊዜ ተጣላን መሰላችሁ! ስንት ጊዜስ አኩርፌ ማታ ለብቻዬ በላሁ! በመጨረሻ ሸራው ላይ ገመድ አሰርን፤ ተስማማን ይባል እንደሆነ እንጃ። እሷ «ሰብስቢ» ስትል ገመዱን እስባለሁ፣ እሱም ተጠቅልሎ ይወጣል። እያጉረመረምኩ ነው ታዲያ።

ይሄን ሁሉ ከራሷ አላመነጨችውም፤ ራሷም አትልም። ሥራውን ስትጀምር አንድ መሐንዲስ ነው ያሠለጠናቸው፤ ስለ እሱ ስታወራ የጻድቅ ታሪክ የምታወራ ነው የሚመስለው። ያን ሰሞን ትምህርቱን ትኩስ ትኩሱን ይዛ ትመጣና ኮሪደራችን ውስጥ ደርድራ ታለማምደን ነበር። «ሰው ሲበዛባችሁ ክንዳችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ እንደዚህ፣ እንደ ቦክሰኛ፤ ለትንፋሽ ቦታ ታገኛላችሁ። ወደ ኋላ አትግፉ፣ አትመለሱ። ከእጃችሁ የወደቀ ነገር ወርቅም ቢሆን አይነሳም፤ ጎንበስ ያለ ሰው ይረገጣል። ዋናው ግን መውጫው ነው። መሃሉ የሚታፈነው ጫፉ ሲዘጋ ነው። ከላይ ሆነው ቢጮኹ ዋጋ የለውም፣ ታች የቆመውን ነው ማስለቀቅ።»

እኔ በትህትና አጣጠፍኩ ክንዴን። አባዬ ግን ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነና «ይኸው ገነዝሽኝ፣ በሉ አልቅሱልኝ» አለ። እናቴ በፎጣ መታችው። ከዚያ ወዲያ «እኔ ያንን ድልድይሽን አልረግጠውም» ብሎ ማለ። ሲምልም የእውነቱን ነበር። መናኸሪያው በኩል ጉዳይ ሲኖረው እስከ ታችኛው የሐዲድ ማቋረጫ ድረስ ዞሮ ይሄድ ነበር፣ በዚያ በደከመ ጉልበቱ። «ለምን?» ስለው፣ «ቤት ውስጥ የምታዘኝ አንሶኝ ነው?» ይለኛል።

እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት እናቴ ለሥራ ልትወጣ ስትል እሱ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ትልቅ ጨዋታ አለ፤ ሰማዩም ፊቱን አጥቁሯል። በአንድ እጇ ምሳዋን፣ በሌላው የዝናብ ካፖርቷን ይዛ «አሳልፈኝ» አለችው። እሱ ደግሞ ከጎረቤት ጋር የጀመረው ወሬ ነበረውና «አንድ ጊዜ» አላት። አንድ ጊዜው አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር ነገሩ ፈነዳ። እሷ «ዕድሜዬን ሙሉ ከመንገዴ ላይ ዞር በል ስልህ አረጀሁ!» አለች። እሱም ቱግ ብሎ «አንቺ የድልድይ ሚስት እንጂ የኔ አይደለሽም!» አላት። እንደዚያ ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ካፖርቷን ወንበር ላይ ወርውራ፣ በጎኑ ሾልካ፣ ምሳዋን ብቻ ይዛ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲያልቅና ሰማዩ ሲቀደድ አንድ ሆነ። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ነው፣ ወደ ጎን የሚገርፍ። ከስታዲየሙ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ዝናቡን ሲያይ ወደ አንድ ነገር ሮጠ፣ ጣሪያ ወዳለው ድልድይ። በእኛ በኩል ደግሞ መጀመሪያ የወረዱት ጣሪያው የሚያልቅበት ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ማን ይርጠብ? ከኋላቸው የመጡት እነሱ ላይ ቆሙ፣ ከእነሱ ኋላ ያሉት እነሱ ላይ። ዓይኔ እያየ ደረጃው ሞላ፣ ከዚያ ድልድዩ ሞላ። ከመሃል አንዲት ሴት «አትግፉ! አትግፉ!» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ብዙ ሰው መጮህ ጀመረ፤ አንዳንዱም ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ሊመለስ ይታገላል።

የእናቴ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። «እማማ፣ ሰንሰለቱን ዘግቻለሁ» አለ ረጅሙ፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። «አዲስ የሚገባ የለም። ግን... ሰውዬሽ ውስጥ ናቸው። ሳይሞላ በፊት ነው የገቡት። ካፖርት ይዘው፣ ‹ሳይዘንብባት ላድርስላት› ብለውኝ...»

እናቴ ሬዲዮውን ከጆሮዋ አላነሳችም። እኔ ቀና ስል አየሁት። አባቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ራሱ የሰፋው አንድ ኮፍያ አለው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው እንዳገኘ የተገጣጠመ፣ እናቴ አብራው መንገድ ስትሄድ የምታፍርበት ኮፍያ። ያ ኮፍያ ድልድዩ መሃል ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ጭንቅላት መካከል፣ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል።

«አባዬ!» ብዬ ወደ ደረጃው ስሮጥ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«አባዬ እኮ ነው እማዬ! አባዬ ነው!»

«ማን እንደሆነማ አውቃለሁ!» ድምጿ ተሰነጠቀ። «አንቺ ብትወጪበት መውረጃውን ትዘጊበታለሽ። ሸራሽን ሰብስቢ!»

ገመዱን ሳብኩት። ሸራው ተጠቅልሎ ሲወጣ ሥሩ የታጨቁት ሰዎች ላይ ዝናቡ ወረደባቸው፤ የሰደቡኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም። እናቴ ጀርባዋን ለደረጃው፣ ጀርባዋን ለባሏ ሰጥታ፣ ታች የቆመውን ሰው ተያያዘችው። «ሂዱ! መናኸሪያው ውስጥ ጣሪያ አለ፣ ሩጡ! ስኳር አይደላችሁም አትሟሙም! ወንድሜ ተንቀሳቀስ! እህቴ፣ ከላይ ሰው እየታፈነ ነው፣ ባንቺ ቢሆንስ፣ ሂጂ!» በደረቷ ትገፋለች፣ በእጅጌያቸው ትጎትታለች። አንድ ግዙፍ ሰውዬ «አልረጥብም» ብሎ ሲገተርባት፣ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከሱቄ ማንጠልጠያ ላይ ጃንጥላ መንጭቃ እጁ ውስጥ ዶለችና «በል ሂድ!» አለችው። ሄደ። ከዚያማ ማን ያቁማት! አንዱን ለዚህ፣ አንዱን ለዚያ፣ ዕቃዬን ሙልጭ አድርጋ አደለችው። እኔም ምን ልሁን፣ ጓዳ ያለውን አውጥቼ አብሬ ማደል ጀመርኩ። «ያዙ፣ ሂዱ! ያዙ፣ ሂዱ!»

እያደልኩ ግን ዓይኔ ድልድዩ ላይ ነው። እናቴ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም፤ የማየው እኔ ነኝ። ኮፍያው አለ። ኮፍያው ትንሽ ቀረብ ብሏል። እዚያው ቆሟል። ከዚያ ድንገት ሕዝቡ ወደ አንድ ጎን ተናጠና ኮፍያው ጠፋ።

«እማዬ፣ ኮፍያው ጠፋ!»

ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ፊሽካዋን አፏ ውስጥ ከታ ነፋችው፣ ነፋችው፣ ደግሞ ነፋችው፤ እጇ ግን ሰው መግፋቱን አላቋረጠም። ያኔ ጠላኋት ብል አልዋሽም። ይቺ ሴት ልቧ ከምንድን ነው የተሠራው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ የደረጃው ግርጌ ተከፈተ። መጀመሪያ የታችኛው እርከን ባዶ ሆነ፣ ቀጥሎ ከሱ በላይ ያሉት መውረድ ጀመሩ፣ ከዚያ መሃሉ፣ ያ ተቋጥሮ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ፈታ፣ ፈታ እያለ መጣ። አንድ እግር ጫማ ያደረገ፣ ቁልፉ የተበጠሰ፣ የተላላጠ፣ የሚያስለው፣ የሚያለቅስ፣ ብቻ በእግሩ የሚሄድ ሰው። እናቴ አሁን ፊቷን ወደ ደረጃው መልሳለች። «ቀኝ ያዙ! እንደዚያ ነው! አለፈ፣ አይዟችሁ፣ እለፉ፣ አይቆምም!» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከፊት ወደ ፊት ይዘላል።

አባቴን ያየሁት ከደረጃው አጋማሽ ላይ ነው። ራሱ ባዶ ነው፤ ሽበቱ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ክንዱን ደረቱ ላይ እንደ ቦክሰኛ አጣጥፎ፣ ካፖርቷን በመሃል አቅፎ፣ በቀኙ በኩል መደገፊያውን እየታከከ፣ አንድ በአንድ ይወርዳል። የመጨረሻው እርከን ላይ ሲደርስ አየችው፤ እሱም አያት። ደከመብኝ የሚለው ያ ዓይኑ አያት። እርምጃው ቀዘቀዘ። ሊቆም ነው አልኩ፣ የማውቀው አባቴ ነዋ! ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ የቆመ ሰው። ከኋላው ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ።

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ልታቅፈው መስሎኝ ነበር። በእጇ ወደ ፊት አመለከተችው።

«እለፉ አባቴ» አለችው፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ። «እለፉ፣ አይቆምም።»

አባቴም ሳይቆም አለፈ።

በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዋን ነካ፣ ይኸው ነው። ሄዶ ከሱቄ ወዲያ ያለው ግድግዳ ጋ፣ የማንንም መንገድ የማይዘጋበት ቦታ፣ ካፖርቷን እንዳቀፈ ጠበቃት። ሄጄ አቅፌው አለቀስኩ። እሱ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። «አየሻት?» ይለኛል። «አየሻት እናትሽን?»

ረጅሙ በሬዲዮው «ባዶ ነው፣ ሁሉም ወጥተዋል፣ የተጎዳም በእግሩ ነው የሄደው» ሲል ዝናቡ እያባራ ነበር። እናቴ ያኔ እዚያው፣ ሰው እንዲቀመጥበት ፈቅዳ የማታውቀው የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሰደሪያዋ ሸፍና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ልቧ ከምንድን ነው ያልኩትን አምላክ ይቅር ይበለኝ።

አባዬ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«እዚህ አይቀመጥም» አላት። «መተላለፊያ ነው።»

በለቅሶዋ መሃል ሳቀች። «ኮፍያህስ?»

«ወደቀ። የወደቀ አይነሳም አላልሽም?»

«ደግ አደረገ፣ አስቀያሚ ነበር» አለችና እንደገና ማልቀስ ጀመረች። «አንተ ሰውዬ፣ ብትሞትብኝስ? ምን ልሆን ነበር? ጀርባዬን ሰጥቼህ!»

«ጀርባሽን ባትሰጪኝማ እዚያው ቀርቼ ነበር። ከላይ ሆኜ ድምጽሽን እሰማለሁ እኮ። ‹ሂዱ› ስትያቸው መሄዳቸው አይቀርም ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።» ካፖርቱን ዘረጋላት። «ለማንኛውም ዛሬ አንቱ ተብያለሁ፤ ይሄን ለማንም አላወራም ብዬ አልምልም። በይ ልበሺ።»

«አባርቷል እኮ።»

«ልበሺ ብያለሁ።»

ቆማ እጇን አስገባች። እሱም ሳያይ፣ በጣቱ ብቻ እየዳበሰ፣ ከታች እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈላት። አንዷ ቁልፍ ላልታለች ብሎ አጉረመረመ፤ ቤት ስንገባ እሰፋታለሁ አለ።

እኔ ባዶ ማንጠልጠያዬን ሰብስቤ፣ ሱቄን ቆልፌ ቤት ስደርስ ገና አልመሸም ነበር። አባዬ እንደ ልማዱ የሳሎኑን መቃን ተደግፎ ቆሟል፣ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። እናቴ ካፖርቷን እንደለበሰች በሌላው መቃን በኩል ቆማ፣ ትከሻዋን ትከሻው ላይ ጥላለች። በሩን ሁለቱ ገጥመው ዘግተውታል። ለማለት አፌ ላይ የመጣውን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ዞሬ በጓዳ በር ገባሁ።